የበቆጂዋ ሯጭ ረጅም ጽናት

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በአሰላ የሚያልፈው መንገድ በቆጂ ያደርሳል። ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ በ1964 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያ ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10 ሺሕ ሜትር ሮጠው፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆኑ።

መውለድ የሯጭን ዘመን ይፈጽማል ለሚል ሰው መልሱን በእግራቸው ሰጡ። እናት ከሆኑ በኋላ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ዳግመኛ ወርቅ፣ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ነሐስ አገኙ። በ2002 ዓ.ም. በ37 ዓመታቸው በኒውዮርክ ማራቶን ሲሮጡ፣ እንግሊዛዊቱ ፓውላ ራድክሊፍ ደክማ ወደ ኋላ ስትቀር ዘወር ብለው አበረታቷት፤ ውድድሩንም ያሸነፉት እርሳቸው ናቸው።

እኛም ልጆቻችንን መቅደምን ብቻ ሳይሆን የደከመ ባልንጀራን ማሰብንም እናስተምራቸው።