የማመንጫ ጣቢያ ሥራ ሲያቆም የሠራተኛው መብት በሕግ እንዴት ይታያል

በደቡብ ጎንደር ዞን በደብረ ታቦርና በገሳይ አካባቢ ከሚገኘው የጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከሐይቁ በሚወጣው ዓባይ ላይ የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ቁጥር ሁለት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ተገንብተው 11 ነጥብ 4 እና 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበራቸው። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ግን ውኃውን በዋሻ ወደ ምዕራብ በመውሰዱ ነባሮቹ ጣቢያዎች ወደ መጠባበቂያነት ዝቅ ብለዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በጢስ ዓባይ ውኃው የሚወርደው 50 ሜትር ገደማ ሲሆን በበለስ ከ300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ያው ውኃ በበለስ ስድስት እጥፍ ገደማ ኃይል ይሰጣል። በዚህ ስሌት ውስጥ የማይታየው ኦፕሬተሩ፣ መካኒኩና ጥበቃው ነው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ሲከፈል ማመንጫዎቹ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሥርጭቱና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተላልፈዋል። ሁለቱም የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በመሆናቸው ሠራተኞቻቸው የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ሳይሆን በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው በተከታታይ ከ10 ቀናት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆነው ሠራተኛ ሲሰናበት ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሠራተኛ ሲነካ ነው። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር ይመክራል፤ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያለውንም ያስቀራል። በዚህ እኩል ከሆኑት መካከል ቅድሚያ የሚነካው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ይታያሉ።

በቅነሳ የሚሰናበት የ10 ዓመት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የሥራ ስንብቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ ዘጠኝ ዓመታት በየዓመቱ የ10 ቀን፣ በጠቅላላው የ120 ቀን ደመወዝ ይሆናል። በቅነሳ ወይም ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ የሚለቅ ከሆነ 60 ቀን ይጨመርለትና 180 ቀን ይደርሳል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሺህ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንድ ጣቢያ ቢዘጋ የሚነኩት ሰዎች ከ10 በመቶ በእጅጉ ያንሳሉ። በቅነሳ ሥር ያልወደቀ ስንብት የምክክሩ ግዴታ፣ የቅደም ተከተሉ ጥበቃና የ60 ቀኑ ጭማሪ ላይመለከተው ይችላል። ይሁንና አዋጁ ተለይቶ የተሰየመና በአሠራር ወይም በአደረጃጀት ነፃነት ያለውን ቅርንጫፍ እንደ ራሱን የቻለ ድርጅት ይቆጥረዋል። ጣቢያው እንዲህ ዓይነት ቅርንጫፍ ከሆነ 10 በመቶው የሚሰላው ከጣቢያው ሠራተኞች ቁጥር ነው፤ ካልሆነ ከመላው ድርጅት ይሰላል። የሰው ኃይል ኃላፊዎች የስንብት ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት የጣቢያውን መዋቅር መመርመር የሚኖርባቸው በዚህ ምክንያት ነው።