መጀመሪያ ሞተሩን ዳስሰው

ይቺን በጆሮህ ነው የምነግርህ፤ አለቃዬ እንዳይሰማ። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎች የሚሸጡበት ጋራዥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ገዢ ደውሎ «በግማሽ ሰዓት እደርሳለሁ» ሲለን፣ ስልኩን ዘግተን በቀጥታ ሞተሩን አስነስተን እናሞቃለን። ሲቀዘቅዝ የሚያስለው፣ የሚያጨሰው፣ ባትሪው የሚያቃስተው ሁሉ በዚያች ግማሽ ሰዓት ይሸፈናል። ሰውየው መጥቶ ቁልፉን ሲነካ ሞተሩ እሺ ብሎ ይነሳል፤ ዋጋውም አብሮ ይነሳል።

ስለዚህ ሰላምታ እየሰጠህ እጅህን ወደ ሲሊንደሩ አስጠጋ። ከሞቀ «ሲበርድ እመለሳለሁ» በልና ሂድ። ያልሸፈነ ሻጭ አይቆጣም።

ክሩዘር ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ሃርሊ ይሻላል ወይስ ጃፓን?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ለእኛ ይመቸናል፤ ዓይንህ ታንከሩ ላይ ያለውን ስም ሲያይ ከሥር ያለውን አያይማ። አንተ ግን ሁለት ነገር ጠይቅ፤ ቤንዚኑን የሚያስገባው ካርቡራተር ነው ኢንጄክሽን? የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ነው፣ ቺንጋ ነው፣ ሻፍት ነው?

ያማሃ ቪ ስታር 650ን እንይ። ከ1998 እስከ 2016 ሲሸጥ ብዙም አልተለወጠም፤ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ካርቡራተር ያለው፣ በሻፍት የሚሄድ ነው። የ2014ቱን ከ2005ቱ አስበልጠህ ለዓመተ ምህረቱ ብቻ ብዙ አትክፈል። ሆንዳ ሻዶው 750 ላይ ደግሞ ቅጥያ ስሙን አንብብ። የ2005 «ስፒሪት» በካቴና ይሄዳል፣ የዚያው ዓመት «ኤሮ» በሻፍት። ፎቶ ላይ ወንድማማች ይመስላሉ፤ አንዱ ግን ካቴናውን ዘይት ስትቀባና ስታጠብቅ ያኖርሃል።

ሃርሊ ስፖርትስተር 883 ከፈለግህ ሁለት ዓመት ያዝ፦ 2004 እና 2007። በ2004 ሞተሩ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት የተሠራው ከሻንሲው ጋር በቀጥታ የታሰረ ስለሆነ፣ እስከ ባልቲሞር ነድተኸው ስትወርድ ጣትህ ደንዝዞ ቁልፍ መያዝ ያቅትሃል። በ2007 ካርቡራተሩ ቀርቶ ኢንጄክሽን ገባ። ትልልቆቹን፣ ከ1999 እስከ 2006 የነበሩትን ባለ ትዊን ካም 88 ሞተሮች ካየህ «የካም ካቴናው መወጠሪያ ተቀይሯል?» በል። የፕላስቲክ ጫማው እየተበላ ፍርፋሪው ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ደረሰኝ ካላሳዩህ አልተቀየረም ብለህ ከዋጋው ቀንስ።

እኔ ብሆን የምገዛው? ሱዙኪ ቡልቫርድ ሲ50። ከ2005 ጀምሮ ኢንጄክሽንም ሻፍትም አለው። ስሙ ጓደኛ ፊት ስለማያስኮራ ሰው ያልፈዋል። ስም የማያስከፍል ዕቃ ደግሞ ለገዢ ነው።

አሁን ዋናውን ምስጢር ልንገርህ። የ2008 ሞተር ሳይክል 3,000 ማይል ብቻ ሄዶ ስታገኝ ደስ ይልሃል፤ እኔ እፈራለሁ። በዓመት አንዴ ከጋራዥ እየወጣ የተመለሰ ነው ማለት ነው። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ካርቡራተር ውስጥ ሲቆም ደርቆ ሙጫ ይሆናል፤ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናል። ጎሚኒው ይደርቃል፣ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል። 25,000 ማይል ሄዶ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ይበልጠዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ይባል የለ? መቆምም አንዱ ክፉ አያያዝ ነው።

መቆሙን የሚመሰክርልህ ጎማው ነው። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2311 ካለ በ2011 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ነው፤ በአዲስ ጎማ ዋጋ ልክ አስቀንስ። የታንከሩን ክዳን ከፍተህ በስልክህ መብራት እይ። የፊት አሞርዛተሩ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ጎሚኒው አልቋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ ጫፍ ከተፋቀ ወድቆ ያውቃል።

ሻጩ «ማርሚታውን በስንት ብር አስቀይሬዋለሁ» ካለህ አዝንለት እንጂ አትክፈልለት። ይልቅ የፋብሪካውን ማርሚታ ጠይቀው። መሪው አንገት ላይ የተመታውን ባለ 17 አኃዝና ፊደል ቁጥርም ከታይትሉ ጋር አስተያይ፤ ታይትሉ ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ካለ ኢንሹራንስ የጣለው ነው። ደግሞ በኅዳር ና። በሚያዝያ ፀሐዩም የታክስ ተመላሹም አብረው ስለሚመጡ እኛ አንለመንም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የኛ አገር ልጅ መጣ። ጃኬቱን ሳያወልቅ እጁን ወደ ሲሊንደሩ አስጠጋና «ሲበርድ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ቡሎን አጠብቅ ነበር።