ፒተር ብሮክና የ1979ኙ የመጨረሻ ዙር

የአውስትራሊያ የቱሪንግ መኪና ውድድር ታሪክ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ስም የፒተር ብሮክ ነው፤ ነገር ግን ይህን ያህል የተወደሰ አሽከርካሪ በአብዛኛው የሚወደሰው በተሳሳተ ምክንያት መሆኑ ያስቆጫል። ብዙዎች ያሸነፈው ከሌሎች ይልቅ ደፋርና ፈጣን ስለ ነበረ ይመስላቸዋል፤ ደፋርና ፈጣን አሽከርካሪ ግን በዘመኑ ሞልቶ ነበር፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ መኪናቸው ተሰብሮ ወይም ሞተራቸው ተቃጥሎ ውድድሩን ከመንገድ ዳር ቆመው ጨርሰዋል። ብሮክን ከእነርሱ የለየው የያዘውን መኪና ሳይጎዳ መፍጠን መቻሉ ነው፤ ይህ ችሎታ ለተመልካች ዓይን እምብዛም ስለማይታይ ሳይነገርለት ቀርቷል።

ቱሪንግ መኪና የሚባለው ማንም ሰው ከመሸጫ ገዝቶ በሚነዳው ሞዴል ላይ የተመሠረተ፣ ጣሪያና በሮች ያሉት፣ የተሳፋሪ ወንበሮቹ ወጥተው በምትካቸው አሽከርካሪውን ከግጭት የሚጠብቅ የብረት ቀፎ የተገጠመለት፣ ሞተሩና ፍሬኑም ደንቡ እስከሚፈቅደው ድረስ የተሻሻለ የውድድር መኪና ነው። በአውስትራሊያ ይህ ስፖርት ለረጅም ዘመን የሁለት ኩባንያዎች ፉክክር ነበር፤ አንደኛው የጄኔራል ሞተርስ የአገሩ ቅርንጫፍ የነበረው ሆልደን ሲሆን ሌላው ፎርድ ነው፤ ተመልካቹም እንደ ቤተሰቡ መኪና ለሁለት ተከፍሎ ይደግፍ ነበር። ብሮክ የሆልደን ወገን ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1945 በቪክቶሪያ ግዛት ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያደገው ከሜልበርን ወጣ ብላ በምትገኘው ኸርስትብሪጅ ነው። ገና ልጅ ሳለ ያገኛትን አሮጌ አውስቲን 7 መኪና አካሏን በመጥረቢያ ቆርጦ ጥሎ በአጽሟ ይነዳት ነበር፤ የወታደር አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላም በትንሿ አውስቲን ኤ30 ላይ የሆልደንን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ገጥሞ ስሙን ያስጠራባትን መኪና በገዛ እጁ ሠራ። ይህ ዝርዝር እንደ ልጅነት ጨዋታ ብቻ መታየት የለበትም፤ ከአቅሟ በላይ የከበደ ሞተር የተሸከመች መኪና መሪ ሲዞር፣ ፍሬን ሲያዝና ነዳጅ ሲሰጥ ምን እንደምትሆን በየጊዜው የተሰማው ወጣት መኪናን በጉልበት ማስገደድ እንደማያዋጣ ቀድሞ ተምሯልና። በ1969 የሆልደን ቡድን አለቃ የነበረው ሃሪ ፈርዝ ወደ ቡድኑ አስገባው፤ በዚያው ዓመትም ባተርስት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ ከዴስ ዌስት ጋር ሦስተኛ ወጣ።

ባተርስት ከሲድኒ በስተ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ውድድሩ የሚካሄደው በአጠገቧ ባለው በፓኖራማ ተራራ ላይ ነው። መንገዱ በአዘቦቱ ቀን ነዋሪዎች ወደየቤታቸው የሚመላለሱበት፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት የማይፈቀድበት ሕዝባዊ ጎዳና ነው፤ ስለዚህ የታዋቂዎችን ዙር ለመድገም በዚያ የሚከንፉ ጎብኚዎች ደንብ ከመጣሳቸውም በላይ ከደጁ በሚወጣ ሰው ሕይወት ላይ እየቀለዱ መሆኑን ሊያስቡ ይገባል። ዙሩ ከታች ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል፣ በተራራው ጫፍ ላይ በግንብ መካከል ይጠማዘዛል፣ ከዚያም በድንገት ወደ ታች ተወርውሮ ኮንሮድ የተባለውን ረጅም ቀጥተኛ ቁልቁለት ይይዛል፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት 174 ሜትር ነው። ብሮክ በ1972 የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው እዚሁ ነው፤ አንድ አሽከርካሪ ብቻውን እንዲነዳ በሚፈቀድበት በመጨረሻው ዓመት፣ 500 ማይሉን በዝናብ ውስጥ ብቻውን ነድቶ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር በሆነችው የሆልደን ቶራና የተፎካካሪውን የአለን ሞፋትን ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ፋልከን ረታ። ውድድሩ በ1973 ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ሲረዝም በአንድ መኪና ሁለት አሽከርካሪ እየተፈራረቀ መንዳት ግዴታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በ1975፣ በ1978፣ በ1979፣ በ1980፣ በ1982፣ በ1983፣ በ1984 እና በ1987 አሸንፎ ድሎቹን ዘጠኝ አደረሰ፤ የአውስትራሊያ ቱሪንግ መኪና ሻምፒዮናንም ሦስት ጊዜ ወስዷል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሰፊ ቦታ የሚገባው የ1979ኙ ውድድር፣ ከእርሱም ውስጥ የመጨረሻው ዙር ነው። በዚያ ዓመት ብሮክና የኒውዚላንድ ተወላጁ ጂም ሪቻርድስ በቶራና ኤ9ኤክስ ሁለተኛ ከወጣው መኪና በስድስት ዙር ቀድመው ጨረሱ፤ አንድ ዙር በዚያን ጊዜ ከስድስት ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጥ ስለ ነበረ ልዩነቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ይህን ያህል የቀደመ አሽከርካሪ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ እየተዝናና ወደ መጨረሻው መስመር መግባት ይችል ነበር፤ ብሮክ ግን 163ኛውን፣ ማለትም የመጨረሻውን ዙር በ2 ደቂቃ ከ21.1 ሰከንድ ነድቶ የዙሩን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ይህን ዙር የሚተርኩ ሰዎች ዘወትር የሚሰጡት ትርጉም ኩራት ወይም ለሕዝብ የቀረበ ትርኢት ነው የሚል ነው። ለተመልካቹ ደስታ ብሎ ማድረጉ ሊካድ አይችልም፤ ነገር ግን ማድረግ መፈለግና ማድረግ መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ መጠየቅ ያለበት ለምን አደረገው የሚለው ሳይሆን ያ መኪና ከ1,000 ኪሎ ሜትር እልህ አስጨራሽ ጉዞ በኋላ እንዴት ሊያደርገው ቻለ የሚለው ነው። ታንኩ ነዳጁን ጨርሶ ስለ ቀለለ ነው የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ ሆኖም የሌሎቹም መኪናዎች ታንክ በዚያ ሰዓት እንደዚያው ቀልሎ ሳለ፣ እነርሱ ግን በላላ ፍሬን፣ በሚንገጫገጭ ካምቢዮና ኃይሉን ባጣ ሞተር እየተጎተቱ ነበር የሚጨርሱት።

ነገሩን ለመረዳት ከፍሬን መጀመር ይገባል። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መኪና የተሸከመው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በመሆኑም በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚቆም መኪና ፍሬኑ ላይ የሚጥለው ሙቀት ከ120 ከሚቆመው አራት እጥፍ ነው። በኮንሮድ ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ያለው ኩርባ ደግሞ ይህን ሙቀት በየዙሩ፣ ከመቶ ስልሳ ጊዜ በላይ ይጠይቃል። የፍሬን ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ዘይቱ ከፈላ ውስጡ አረፋ ስለሚፈጠር ፔዳሉ ሲረገጥ ላልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ኤ9ኤክስ የተባለው ቶራና የኋላ እግሩም የዲስክ ፍሬን እንዲኖረው የተደረገው ስለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ዲስኩ ጊዜ ይሰጣል እንጂ አሽከርካሪውን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣውም።

በችኮላ የሚነዳ ሰው ኩርባው አፍ ላይ እስኪደርስ ይከንፍና በአንድ ጊዜ ፍሬኑን ይደፍቀዋል፤ ማርሹን ያለ ልክ ቀንሶ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ የፊት ጎማዎቹንም እየፋቀ ይዞራል። ከውጭ ሲታይ እጅግ ፈጣን ይመስላል፤ የኩርባውን መሐል ግን እጅግ በቀነሰ ፍጥነት ስለሚያልፍ ያጣውን ሁሉ እንደገና ሞተሩ እንዲፈጥርለት ማስገደድ ይኖርበታል። ብሮክ በለሰለሰ አነዳዱ የታወቀ ነበር። እንዲህ የሚነዳ ሰው ፍሬኑን ጥቂት ቀደም ብሎ ይይዛል፣ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፣ መኪናው ክብደቱን አስተካክሎ በአራቱም ጎማ ላይ ሲያርፍ መሪውን ያዞራል፣ ስለዚህም ነዳጅ መስጠት የሚጀምረው ከሌላው ቀድሞ ነው። በአንድ ዙር የሚያተርፈው ሽርፍራፊ ሰከንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በፍሬኑ፣ በጎማውና በካምቢዮው ላይ የሚያተርፈው ግን እንደ ቁጠባ ተጠራቅሞ የሚታየው በመጨረሻው ሰዓት ነው። የ1979ኙ 163ኛ ዙር ያን የተጠራቀመ ሀብት በሙሉ አንድ ጊዜ አውጥቶ ያሳየ ነበር። ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ ፍሬን ብቻ እየረገጡ የሚወርዱ፣ ከዚያም ፍሬኑ ከዳን የሚሉ የጭነትም ሆነ የቤት መኪና አሽከርካሪዎች የብሮክን ፎቶግራፍ ከመለጠፍ ይህን አንድ ነገር ቢማሩለት ይሻላል፤ ፍሬን አስቀድሞ ተበድሎ ካልሆነ በድንገት የሚከዳበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ድሎቹን ሁሉ ብቻውን እንዳገኛቸው አድርጎ መናገርም ስሕተት ነው። በ1983 ገና በውድድሩ መጀመሪያ ላይ የመኪናው ሞተር ሲበላሽ፣ በዘመኑ ደንብ ተፈቅዶ ከላሪ ፐርኪንስ ጋር ወደ ቡድኑ ሁለተኛ መኪና ተዛወሩ፤ እስከዚያ ድረስ መኪናውን በሚገባ ይዞ የቆያቸው ጆን ሃርቪ የድሉ ሦስተኛ ባለቤት ነው። በ1987ም እንደዚሁ መኪናው ሲቀርበት ወደ ሌላው መኪና ገብቶ ከዴቪድ ፓርሰንስና ከፒተር ማክሎድ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከፊቱ የነበሩት ሁለቱ የፎርድ ሲዬራ መኪናዎች አካላቸው ከደንብ ውጭ ተሠርቷል ተብለው በኋላ ሲሰረዙ ድሉ ወደ እነርሱ ተዛወረ።

በመኪናው በር ላይ ለዓመታት የታየው 05 ቁጥርም የዕድል ቁጥር አልነበረም። የቪክቶሪያ ግዛት ሕግ አሽከርካሪ በደሙ ውስጥ ሊኖረው የሚችለውን የአልኮል መጠን በ0.05 ከመቶ ስለ ወሰነ፣ ብሮክ ያን ቁጥር ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጠጣ ሰው እንዳይነዳ ለሚደረገው ዘመቻ ተሸከመው፤ ዛሬ ሜልበርን ውስጥ ሙሉ መንጃ ፈቃድ የያዘ ኢትዮጵያዊም የሚገዛው በዚሁ ወሰን ነው።

በ1987 መጀመሪያ ከሆልደን ጋር የተለያየበት ምክንያት ግን አድናቂዎቹን የሚያሳዝን ነው፤ ማግኔትና ክሪስታል የያዘች ትንሽ ሣጥን መኪናን ታሻሽላለች ብሎ በራሱ ድርጅት በሚያዘጋጃቸው መኪናዎች ላይ ገጠማት፤ የሣጥኗን ጥቅም የሚያረጋግጥ ሳይንሳዊ ማስረጃ ስላልነበረ ኩባንያው ግንኙነቱን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ በቢኤምደብሊውና በፎርድ ሲዬራ ተወዳደረ፣ በ1994 ወደ ሆልደን ቡድን ተመለሰ፣ በ1997 የሙሉ ጊዜ ውድድር አቆመ። መስከረም 8 ቀን 2006 በምዕራብ አውስትራሊያ በተካሄደ የራሊ ውድድር ላይ መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ በዚያው ዓመት የባተርስት አሸናፊ የሚቀበለው ዋንጫ በስሙ ተሰየመ፤ የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮችም ክሬግ ላውንደስና ጄሚ ዊንከፕ ነበሩ።

የብሮክን ሥራ በተራራው ድሎች ብቻ የሚመዝኑ ሰዎች ከዚያው ከ1979 አንድ ትልቅ ነገር ያጎድላሉ። ከባተርስቱ ድል ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ፣ አውስትራሊያን በሁለት ሳምንት የሚዞር ሬፕኮ የተባለ የረጅም ርቀት ውድድር ተካሂዶ ነበር፤ ርቀቱ ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ አብዛኛው አቧራና ኮረኮንች የሆነ መንገድ ነው። ብሮክ ከኖኤል ሪቻርድስና ከማት ፊሊፕ ጋር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆልደን ኮሞዶር ነድቶ አሸነፈ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም የዚያው ቡድን ኮሞዶሮች ነበሩ። በዚያ ውድድር ደጋፊ የተሰበሰበበት ግንብም ሆነ በየሁለት ደቂቃው የሚታይ መኪና አልነበረም፤ ድንጋይ የሚመታውን የመኪና ሆድ፣ የሚላላውን ብሎንና የሚሰነጠቀውን ሞላ እያዳመጡ ሌሊትና ቀን መንዳት ብቻ ነበር፤ ብሮክ ራሱም ከድሎቹ ሁሉ ይህን አብልጦ ይቈጥረው ነበር።