ዲጄዎች፣ ቺክቺካ ላይ «ሲንክ»ን አትመኑ
ሬኮርድቦክስም ሆነ ሴራቶ ምት የሚቆጥሩት በአራት በአራት ነው። ቺክቺካ ግን የሚሄደው በ6/8 ነው፤ ስለዚህ ቢፒኤሙ 120 የሆነውን ዘፈን 180 ወይም 90 ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። በጆሯችሁ እየቆጠራችሁ «ታፕ» በማድረግ አርሙት። በሸክላ ዘመን ባንድ በቀጥታ የተጫወታቸው ዘፈኖች ደግሞ ይብሳሉ፤ ድራመሩ ፈጠን ዘግየት ስለሚል ግሪዱ መግቢያው ላይ ቢገጥም እንኳ መሃል ላይ ይስታል። ሬኮርድቦክስ ውስጥ «ዳይናሚክ» የሚለውን ትንተና ሞክሩ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሠርግ ላይ አላዋህዳቸውም፤ ጭብጨባው ሲደምቅ ቆርጬ ነው የምገባው።

ከምቱ ሌላ፣ ዘፈኖቻችሁን ስታደራጁ የዘፋኝ ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ ጻፉ። ጥላሁንን አንዴ «ገሠሠ» አንዴ «ገሰሰ» ካላችሁት ስትፈልጉ ግማሹ ዘፈን አይመጣም።

128 ኪሎቢት የሆነን ኤምፒ3 ወደ 320 መቀየር ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ድምፁን አያጠራውም። ትልቅ ስፒከር ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ፍላሻችሁን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፤ የቆዩት ሲዲጄዎች ኤክስፋት አያነቡም። ቅጂውንም በሌላ ፍላሽ ያዙ።