ለሴት ልጅ ወይስ ለልጅ ልጅ? ሁለት መንግሥታትን ያቃቃረው የአርቱዋ ውርስ

አባት ከአያት ቀድሞ ቢሞት፣ የልጅ ልጅ በአባቱ ቦታ ተተክቶ ይወርሳልን? በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ይህ ጥያቄ አንድን የመኳንንት ቤተሰብ ለሁለት ከፈለ፤ ሐሰተኛ ሰነድ አስጻፈ፤ የሰው ሕይወት አጠፋ። በመጨረሻም ፈረንሳይና እንግሊዝ ለተፋለሙበት የመቶ ዓመታት ጦርነት ከሰበቦቹ አንዱ ሆነ።

የክርክሩ ምክንያት በሰሜን ፈረንሳይ የምትገኘው፣ መቀመጫዋ አራስ ከተማ የነበረው የአርቱዋ ግዛት ናት። ንጉሥ ሉዊ 9ኛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1237 ግዛቷን ለወንድማቸው ለሮበርት ሰጡ። ባለቤቱ "ኮንት" ተብሎ ይጠራል፤ ለንጉሡ ታማኝ ሆኖ ግዛቱን ያስተዳድራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል። ስለዚህ ማዕረጉን መውረስ መሬትንና ሥልጣንን መውረስ ነበር።

ቀዳማዊ ሮበርት በ1250 በመስቀል ጦርነት ግብፅ ውስጥ ማንሱራ ላይ ወደቁ። ልጃቸው ዳግማዊ ሮበርትም በ1302 ኮርትሬይክ ላይ ከፍላንደርስ እግረኛ ጦር ጋር ሲዋጉ ተገደሉ። ወንድ ልጃቸው ፊሊፕ ከአራት ዓመት በፊት ሞተው ስለነበር፣ የቀሩት ሴት ልጃቸው ማኦና የፊሊፕ ልጅ፣ ታዳጊው ሮበርት ነበሩ።

ልማዱ ምን ይላል?

በብዙ የፈረንሳይ አካባቢዎች የልጅ ልጅ የሟች አባቱን ቦታ ይዞ ይወርስ ነበር። የአርቱዋ ልማድ ግን ይህን አይቀበልም፤ ውርሱ በሕይወት ላለው የቅርብ ልጅ፣ ሴትም ብትሆን፣ ያልፋል። በዚህ መሠረት ግዛቷ ለማኦ ተሰጠች።

ሮበርት ለአካለ መጠን ሲደርሱ ከሰሱ። በ1309 ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ ለማኦ ፈረዱ። በወቅቱ ሁለቱ የማኦ ሴት ልጆች የንጉሡን ሁለት ወንዶች ልጆች አግብተው ነበር። በ1318 ፍርዱ ሲጸናም በዙፋኑ ላይ የነበሩት የማኦ አማች ፊሊፕ 5ኛ ናቸው። እኚህ ንጉሥ የወንድማቸውን ሴት ልጅ አልፈው ዘውድ የጫኑ ነበሩ። ሴት አርቱዋን ስትወርስ፣ ዘውዱን ግን ተከለከለች።

ሐሰተኛው ሰነድ

በ1328 የሮበርት የሚስት ወንድም ፊሊፕ 6ኛ ሲነግሡ ተስፋቸው ለመለመ። በ1329 መጨረሻ ማኦ፣ ከሁለት ወር በኋላም ልጃቸው ዣን ሞቱ። ሮበርት፣ አያታቸው ግዛቷን ለአባታቸው ዘር እንደሰጡ የሚያሳዩ ሰነዶች አቀረቡ። ሲመረመሩ ግን ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። በሰነዶቹ ዝግጅት የተሳተፉት ዣን ደ ዲቪዮን በ1331 በእሳት ተቃጠሉ፤ ሮበርት በ1332 ንብረታቸው ተወርሶ ከመንግሥቱ ተባረሩ።

የተሰደዱት ሮበርት በእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ዘንድ ተጠለሉ። በ1337 ፊሊፕ 6ኛ፣ ኤድዋርድ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የያዙትን የጉየን ግዛት ሲወርሱ፣ ለጠላታቸው መጠጊያ መስጠታቸውን በምክንያትነት ጠቀሱ። በርግጥ ጦርነቱ በአንድ ስደተኛ የተነሳ አይደለም፤ የጉየን ባለቤትነትና የፈረንሳይ ዘውድ ጥያቄ ሥር የሰደዱ ምክንያቶች ነበሩ። ሮበርት ግን የሚፈለገውን ሰበብ ሰጡ። እርሳቸውም በ1342 ብሪታኒ ውስጥ በውጊያ ቆስለው ሞቱ፤ አርቱዋን አላገኟትም።

ማዕረጉ የት ደረሰ?

ግዛቷ በማኦ ዘሮች በኩል፣ በአብዛኛው በሴቶች ውርስና ጋብቻ፣ ወደ ቡርጎኝ መስፍኖች፣ ቀጥሎም ወደ ሀብስበርግ ቤተሰብ ተሻገረች። በ1659 በፒሬኔ ስምምነት አብዛኛው ክፍሏ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማዕረጉ የክብር ስም ብቻ ሆነ፤ በ1824 የነገሡት ሻርል 10ኛም ቀደም ሲል "የአርቱዋ ኮንት" ይባሉ ነበር።

ሮበርት የተሟገቱለት መርህ ግን ከእርሳቸው በኋላ ረታ። የዛሬው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ የልጅ ልጅ በሟች ወላጁ ቦታ ተተክቶ እንዲወርስ ይፈቅዳል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ።