ፉቲን ከአሜሪካ ስክሪን ላይ ላለማጣት

የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያው ኢኤስፒኤን በመስከረም 1979 እ.ኤ.አ. ከኮኔቲከቷ ብሪስቶል ከተማ ስርጭት ሲጀምር ትልቅ ሕልም ነበረው፤ የሚያሳየው ውድድር ግን አልነበረውም። የአሜሪካ ታላላቅ ሊጎች በነባሮቹ ጣቢያዎች እጅ ነበሩ። አዲሱ ጣቢያ ባዶውን ሰዓት በርካሽ በሚገኝ ስፖርት መሙላት ነበረበት። ከሞሉለት አንዱ ከሜልበርን የመጣው የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ደጋፊዎቹ «ፉቲ» የሚሉት ጨዋታ ነው።

እንቅልፍ አጥቶ ቻናል ሲቀያይር የነበረ አሜሪካዊ በድንገት ያላሰበው ነገር ገጠመው። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። በየቡድኑ 18 ሰው ተሰልፏል፤ እንደ አሜሪካኖቹ የራስ ቁር ያጠለቀ፣ ትከሻውን በመከላከያ የሞላ የለም። ከአየር ላይ ኳስ ለመቅለብ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል የገባ ጎል 6 ነጥብ ሲያስገኝ፣ በጎን በኩል ያለፈው 1 ነጥብ ብቻ ይያዝለታል። ከሁሉ በላይ አሜሪካውያንን የማረካቸው ግን የጎል ዳኛው ነው፦ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጎል ሲቆጠር ሁለት ጣቱን ፊት ለፊት ቀስሮ ሲያበቃ ሁለት ባንዲራ ያውለበልብ ነበር።

ብዙዎች በዚያው ቀሩ፤ ጨዋታውን ወደዱት።

ጣቢያው ግን አደገ። በ1987 የአሜሪካን ፕሮፌሽናል ፉትቦል ጨዋታዎች ማሳየት ሲጀምር የባዶ ሰዓት ችግሩ ከተቃለለ ቆይቶ ነበር። ፉቲ በአነስተኛ የኬብል ቻናሎች እየተንከራተተ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይል ጀመር። በ1995 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ደጋፊዎች ተሰባስበው የሰሜን አሜሪካ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ማኅበርን ያቋቋሙትም ጨዋታው ከቴሌቪዥን ጨርሶ እንዳይጠፋ ብለው ነው። ማኅበሩን የሚያንቀሳቅሱት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ለጣቢያ ኃላፊዎች በጨዋ ቋንቋ መጻፍና ተመልካች መኖሩን ማሳወቅ፣ ጨዋታው ሲተላለፍም ማመስገን። ይህ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። የተመልካች ቁጥር የሚገመተው ከተመረጡ ቤቶች በሚሰበሰብ ናሙና ስለሆነ፣ በአገሩ ሁሉ ተበታትኖ ሌሊት የሚነቃ ጥቂት ደጋፊ በቁጥሩ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ደብዳቤው ግን ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ሌላው አድካሚ ሥራ የሰዓት ጉዳይ ነው። በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ፣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ሜልበርን ከኒውዮርክ 15 ሰዓት ትቀድማለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ እሑድ አውስትራሊያውያን ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ 14 ይሆናል። ይህን ያላሰበ ደጋፊ ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነቃል። ማኅበሩ የስርጭት መርሐ ግብሩን በአሜሪካ ሰዓት እያሰላ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ያለ ደጋፊ ሕግ አለለት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ እንደ ፉቲ ፍጻሜ ያሉ ታላላቅ ውድድሮችን የክፍያ ቻናሎች ቀድመው ጠቅልለው እንዳይወስዷቸው ይከላከላል። ባሕር ማዶ ያለው ደጋፊ ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። የሚሟገትለት ራሱ ብቻ ነው።

ዛሬ የአውስትራሊያ የፉቲ ሊግ ከአገሩ ውጭ ላሉ ተመልካቾች ጨዋታዎቹን በኢንተርኔት በክፍያ ያቀርባል። ታዲያ የቴሌቪዥኑ ትግል ለምን ይቀጥላል? በኢንተርኔት ከፍሎ የሚያይ ሰው ጨዋታውን አስቀድሞ የሚያውቅ ነው። ቻናል ሲቀያይር በአጋጣሚ የሚወድቅበት አዲስ ተመልካች የሚገኘው በቴሌቪዥን ነው፤ የ1980ዎቹም ደጋፊዎች የመጡት በዚሁ መንገድ ነበር። በመጋቢት 2020 ኮሮና የአሜሪካን ስፖርት ሲያስቆም፣ የፉቲ ክለቦቹ ሪችመንድና ካርልተን በባዶው የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ የውድድር ዘመኑን ከፈቱ። የቀጥታ ስፖርት የተጠሙ አሜሪካውያንም ስለዚህ እንግዳ ጨዋታ መጠያየቅ ያዙ። ከቀናት በኋላ ሊጉም ተቋረጠ፤ የተመለሰው በሰኔ ነው።

ከአሜሪካውያን መካከል ከማየት አልፈው ሜዳ የገቡም አሉ። የአሜሪካ የፉቲ ክለቦች ሊግ በ1997 ተመሥርቶ በየዓመቱ ብሔራዊ ውድድር ያካሂዳል። በሌላ መንገድ የመጣው የቴክሳሱ ሜሰን ኮክስ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ11። በ2016 ለአውስትራሊያው ክለብ ኮሊንግውድ በመጀመሪያ ጨዋታው፣ በመጀመሪያ ምቱ ጎል አገባ። በ2023 ደግሞ ኮሊንግውድ ብሪዝበንን በ4 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ አብሮ ነበር።

ያ ፍጻሜ ሜልበርን ላይ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡30 ሲጀመር፣ ኒውዮርክ ከሌሊቱ 6፡30፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ገና ዓርብ ከምሽቱ 3፡30 ነበር።