ሰዓት ብቻውን አትሌት አይመርጥም

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1988 ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ የሮተርዳም ማራቶንን በ2፡06፡50 ጨርሶ ለአሥር ዓመት የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በ17 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ የገባው የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ነበር። የሳላህ 2፡07፡07 ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ከተማ ካስመዘገበው ክብረ ወሰን በ5 ሰከንድ ይፈጥናል፤ ሆኖም በክብረ ወሰን ባለቤቶች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይገኝም። በላይነህ ደግሞ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከሴኡል ኦሊምፒክ ቀረች፤ ከሎስ አንጀለስ 1984ም ቀርታ ነበር። ሳላህ ግን በሴኡል በ2፡10፡59 ሦስተኛ ወጥቶ ለጅቡቲ እስካሁን ብቸኛ የሆነውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አስገኘ። ሁለቱንም አትሌቶች በቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ሁለቱንም ይበድላል። አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስለ ሩጫ በተወራ ቁጥር የሚነሳው «ፈጣን ሰዓት ያለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በራሱ አሳሳች ነው የምለው ለዚህ ነው።

የማራቶን ሰዓት የእግር ብቻ ሥራ አይደለም። መንገዱ፣ ነፋሱ፣ ሙቀቱ፣ አሯሯጩና ጫማው አብረው ይሠሩታል። ኬንያዊው ጆፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ 2፡03፡02 ሲሮጥ ያኔ የነበረው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ክብረ ወሰን 2፡03፡59 ነበር፤ የቦስተን መንገድ ቁልቁል የሚወርድና መነሻና መድረሻው የተራራቀ በመሆኑ ሰዓቱ አልጸደቀም። በተቃራኒው ሳላህ በ1991 በሞቃታማዋ ቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ብር ያገኘው በ2፡15፡26 ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ የሮጠችው 2፡11፡53 ከዚያ ይፈጥናል። ይህ የትዕግሥትን ታላቅነት ያሳያል፤ የሳላህን ብር ግን አያረክሰውም። አንዱ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከሚያልፍባት ጅቡቲ ወጥቶ በሌላ ሙቅ ከተማ ለሜዳሊያ ታገለ፤ ሌላዋ በቀዝቃዛና ሜዳማ ጎዳና፣ ከአሯሯጮች ጋር፣ በዘመኑ ጫማ ለሰዓት ሮጠች።

በመካከለኛ ርቀት ደግሞ ስሕተቱ የባሰ ነው። ጅቡቲያዊው አያንሌ ሱሌይማን በፌብሩዋሪ 2016 ስቶክሆልም ላይ የቤት ውስጥ 1,000 ሜትርን በ2፡14.20 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት የሪዮ ኦሊምፒክ 1,500 ሜትር ፍጻሜ በ3፡50.29 አራተኛ ሆነ፤ የግል ምርጡ ከ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ በታች ነው። አሸናፊው ማቲው ሴንትሮዊትዝም 3፡50.00 ነው የሮጠው። በቀጣዩ ወር እዚያው ሪዮ በፓራሊምፒክ አልጄሪያዊው አብደላጢፍ ባካ 3፡48.29 ሲገባ፣ የፓራሊምፒክ ሯጭ ከኦሊምፒክ አሸናፊው ይበልጣል የሚል ዜና ዓለምን አዳረሰ። የባካ ድል የራሱ ክብር አለው፤ ንጽጽሩ ግን ባዶ ነው። የኦሊምፒኩ ሯጮች የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሆን ብለው በዝግታ ሄደው የመጨረሻውን ዙር ነው የተፋለሙት። ሰዓት ሳይሆን ሜዳሊያ ለሚሰጥበት ውድድር ሰዓቱን ነጥሎ ማንበብ ውድድሩን አለማየት ነው።

«ሰዓት ቢያንስ አያዳላም» የሚለው ክርክር ከሁሉም ጠንካራው ነው። ብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ በትውውቅ እንዳይሆን የምንፈራ ሰዎች ሰዓትን የሙጥኝ የምንለው በቂ ምክንያት ስላለን ነው። ኢትዮጵያ ለፓሪስ 2024 የወንዶች ማራቶን ያደረገችው ምርጫ ግን መሣሪያው ምን እንደሚያመልጠው አሳይቷል። መጀመሪያ የተያዙት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ፤ የዚያ ወቅት ሰዓታቸው 2፡01፡48፣ 2፡03፡27 እና 2፡04፡15። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። የእርሱ 2፡04፡58 በቁጥር አራተኛ ይመስላል፤ የተሮጠው ግን በ2023 ኒው ዮርክ ላይ፣ ድልድይና ዳገት በበዛበት፣ አሯሯጭ በሌለበት ጎዳና ነው፤ የቦታውም ክብረ ወሰን ነበር። የፓሪስ መንገድ ደግሞ ዳገታም እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሲሳይ ተጎድቶ ሲቀር ታምራት ገባና በ2፡06፡26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ደሬሳ አምስተኛ መሆኑ ሰዓት ከንቱ እንዳልሆነ ይመሰክራል፤ ወርቁ በዕጣ ፈንታ መገኘቱ ግን ሊያሳስበን ይገባል። አድልዎን የሚከለክለው አስቀድሞ የታተመ መመዘኛ ነው፤ ያ መመዘኛ ዳገትንና አሯሯጭን ቢቆጥር ግልጽነቱ አይቀንስም።

ደረጃም ይዋሻል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ኢትዮጵያውያን በሌሉበት ሴኡል የተገኘ ነሐስ ይህ ጥያቄ ይነሳበታል። የጅቡቲን አንድ ሜዳሊያ ለሕዝቧ ቁጥር አካፍሎ ከታላላቅ አገሮች በላይ ማስቀመጥም እንደዚያው፤ በአንድ ሜዳሊያ ላይ የቆመ አማካይ ምንም አይነግርም። መልሱ ግን ወደ ሰዓት መመለስ አይደለም፤ ማን እንደነበረ መጠየቅ ነው። በ1985 የሂሮሺማ የዓለም ዋንጫ ማራቶን ኢትዮጵያዊው አበበ መኮንን ነበር፣ ጃፓናዊው ናካያማም ነበር፤ ሳላህ በ2፡08፡09 አንደኛ፣ የአገሩ ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሲወጡ ጅቡቲ የቡድኑን ዋንጫ ወሰደች። ስለ ሳላህ ችሎታ ከሴኡሉ ነሐስ ይልቅ ይህ ውጤት ይበልጥ ይናገራል፤ በአደባባይ ግን የሚጠቀሰው ነሐሱ ነው። ለሎስ አንጀለስ 2028 ቡድን የሚመርጡ የሁለቱም አገሮች ፌዴሬሽኖች ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን የመንገዱን ዓይነት፣ የዕለቱን ሙቀት፣ አሯሯጭ መኖር አለመኖሩንና አትሌቱ እነማንን እንደቀደመ ቢጽፉ የሚጠይቃቸው አራት ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነው።